ማስተካከያ፦ በቆዳ ላይ ስለሚወጣ ነጠብጣብና የደም ካንሰር

ባለፈው ጽሑፌ «ቆዳ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ከወጣ የደም ካንሰር መጀመሪያ ነው» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንዲት እናት ይህን ሰምታ ቁንጫ የነከሰውን ልጇን አዝላ፣ በዚያ ብርድ ከሞላሌ ደብረ ብርሃን ድረስ መምጣቷን ስሰማ በጣም አዘንኩ።

አብዛኛው ሽፍታ ከካንሰር ጋር አይገናኝም። የሚያሳስበው የመርፌ ጫፍ የሚያክል፣ የማያሳክክ፣ ብዙ ጊዜ እግር ላይ የሚታይ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ነው። ጥርት ያለ ብርጭቆ ጫን አድርጉበት፤ ካልደበዘዘ ደም ከቆዳ ሥር ፈሷል ማለት ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ስለማይጎላ ላንቃንና የዓይን ሽፋንን ውስጡን እዩ። ምክንያቱ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ማነሱ ሊሆን ይችላል (ጤናማው በማይክሮ ሊትር ከ150,000 እስከ 450,000 ነው)፤ እሱ ደግሞ በደም ካንሰር ብቻ ሳይሆን በኢንፌክሽንም በመድኃኒትም ያንሳል። የካንሰሩ ሴሎች ራሳቸው ቆዳ ውስጥ ገብተው እብጠት የሚያወጡበት ጊዜም አለ፤ በደም ምርመራ ከመታወቁ ቀድሞ መውጣቱ ግን ብርቅ ነው።

ነጠብጣቡ ከድድ መድማት፣ ከነስር ወይም ከመገርጣት ጋር ከመጣ «ምች ነው» ብላችሁ በዳማከሴ አትቆዩ፤ በዚያው ቀን የደም ቆጠራ አሠሩ። ትኩሳት ካለበትማ ማጅራት ገትርም ሊሆን ስለሚችል ሰዓት አይሰጥም።