የእኛ ግሎባል ኢንትሪ ዊልቸሩ ነው

ሰሞኑን ፌስቡክ ላይ አንድ ቪዲዮ ሲዞር ነበር። የሚናገረው ሰው ለሀበሻ ፎርም በመሙላት የሚተዳደር ነው፤ ስሙ ይቅር። አሜሪካ ስትገቡ የፓስፖርት ሰልፉን የሚያስዘልለውን ካርድ፣ ግሎባል ኢንትሪን፣ አውጡ እያለ ይመክራል። ይምከር፣ እንጀራው ነው። ግን ትንሽ ቆይቶ «በዚህ ዘመን ኤርፖርት ላይ ተሰልፎ የሚቆም ሀበሻ ሰነፍ ነው» ብሎ አረፈው። ከስር ያለው ኮሜንት በሙሉ ጭብጨባ ሆነ። «እውነት ነው ወንድሜ»፣ «ህዝባችን አይገባውም»፣ «120 ዶላር ሰስቶ ሁለት ሰዓት ይገተራል»።

ስድቡን እንተወው። በየቤቱ የሚሸጠው ነገር ለማን ተብሎ እንደተሰራ አንዴ እንኳን ቆም ብሎ አለማሰቡ ነው ያበሸቀኝ።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። የአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2008 የዋሽንግተኑን ደለስ ጨምሮ በጥቂት ኤርፖርቶች ሞክሮ የጀመረው ፕሮግራም ነው። ታመለክታለህ፣ ጀርባህ ይጠናል፣ ለቃለ መጠይቅ ትቀርባለህ፣ አሻራ ትሰጣለህ። ካለፍክ ለአምስት ዓመት ረጅሙን ሰልፍ ትተህ ካሜራ ፊት ቆም ብለህ ትገባለህ። ዋጋው 100 ዶላር ነበር። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ 120 ሆኗል። ባይፈቀድልህም ብሩ አይመለስም።

ሰውየው ካለው ሁሉ ያሳቀኝ «በሁለት ደቂቃ ውጪ ናችሁ» የሚለው ነው። ማን ነው ከደለስ በሁለት ደቂቃ የወጣው? ደለስን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። ከአውሮፕላን ስትወርድ መጀመሪያ የምትገባው ሞባይል ላውንጅ የሚሉት፣ ጎማ የተገጠመለት አዳራሽ ውስጥ ነው። ኤርፖርቱ በ1962 ሲከፈት ጀምሮ ያለ ጉድ ነው። እሱ እስኪሞላ መጠበቅ ነው። ካርድ ያለው፣ ካርድ የሌለው፣ ቢዝነስ ክላስ ተንፈላስሶ የመጣው፣ ከኋላ ሽንት ቤቱ አጠገብ ተቀምጦ የመጣው፣ ሁሉም እኩል ተጠጋግቶ ይቆማል። ከዚያ ወርደህ ካሜራው ፊት ትቆማለህ፣ ታልፋለህ። ጥሩ። ከዚያስ? ሻንጣ አለ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው 23፣ 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች አሉት፤ የሰው አደራ ሳይቆጠር። ቀድመህ ደርሰህ ባዶ ቀበቶ ሲዞር ታያለህ። የአንተ ሻንጣ ብቅ ሲል ያ «ሰነፍ» የተባለው ተሰላፊም አጠገብህ ደርሶ ጋሪ ይፈልጋል። ይህ ፕሮግራም የሚያዋጣው አንዲት ትንሽ ሻንጣ እየጎተተ ለሚሄድ ሰው ነው። አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዞ ከአገር ቤት የተመለሰ ሀበሻ ካያችሁ ንገሩኝ።

ይህም ይሁን። ዋናው ጉዳዬ ሌላ ነው።

ሀበሻ ብቻውን የሚጓዘው መቼ ነው? አብዛኞቻችን ስንመለስ እናት ይዘን ነው፣ አባት ይዘን ነው። ልጃቸውን ሊያርሱ የሚመጡ እናት አሉ፤ ለምረቃ የሚመጡ አባት አሉ። እነዚህ ሰዎች የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጉብኝት ቪዛ ነው። በዚህ ደግሞ ግሎባል ኢንትሪ ማመልከት አይቻልም። ዜጋው፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ከዚያ ውጪ ከአሜሪካ ጋር የተስማሙ አገሮች ዜጎች ናቸው የሚችሉት። ብሪታንያ አለች፣ ጀርመን አለች፣ ህንድ፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ እስራኤል አሉ። ዝርዝሩ ውስጥ አንድም የአፍሪካ አገር አላየሁም። እንግዲህ አስቡት፤ ከጎንደር ወደ እስራኤል የሄደችው የአክስት ልጅ በእስራኤል ፓስፖርቷ ታመለክታለች፣ እዚያው ጎንደር የቀሩት አክስቷ አይችሉም። የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው።

ደግሞ ካርዱ የራስህ ብቻ ነው። አጠገብህ ላለው ሰው አይተርፍም፤ የታቀፈ ህጻን እንኳን የራሱ ምዝገባ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ኢሚግሬሽኑ አዳራሽ ስትደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ 120 ዶላር የከፈልክበት ባዶ መስመር አለ። በሌላው እናትህ አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፓስፖርታቸውን በሁለት እጅ ይዘው፣ ወዴት እንሂድ እያሉ ፊትህን ያያሉ። ምን ልታደርግ ነው? «እማዬ አንቺ በዚያ ሂጂ፣ እኔ ቶሎ ልውጣ» ልትል ነው? እንዲህ የሚል ልጅ አላሳደግንም። ሄደህ አብረሃቸው ትሰለፋለህ። 120 ዶላርህ ኪስህ ውስጥ ተኝቶ አንተ ከሰነፎቹ ጋር ትቆማለህ።

መተውም አይቻልማ! መኮንኑ ፊት የሚሆነውን የምናውቅ እናውቃለን። «ለስንት ጊዜ ነው የመጡት?» ይላቸዋል። እናት ደግሞ ከልባቸው «እግዜር እንደፈቀደ» ይላሉ። ለእኛ የጨዋ መልስ ነው። ለእሱ መመለሻ ቀን የሌለው ሰው ነው። «ምን ሊያደርጉ መጡ?» ሲላቸው «የልጄን ልጅ ልይዝ» ይላሉ። ያውላችሁ፣ ሞግዚት ሆነው ሊሰሩ የመጡ ቢመስለውስ? አንዲት ቃል ነች ወደ ጓዳው ክፍል፣ ሰከንደሪ ወደሚሉት የምታስገባው። እዚያ ከገቡ ስልክ ተከልክለው፣ ቋንቋ ሳያውቁ፣ ከአዲስ አበባ በመጡበት እግራቸው ይቀመጣሉ። አጠገባቸው የቆመ ልጅ «የመመለሻ ትኬታቸው ይኸው፣ አድራሻዬ ይኸው» ቢል በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው። እና ይሄንን ልጅ ነው ሰነፍ የምትሉት።

ህዝባችን ለዚህ ችግር መፍትሄ ካገኘ ቆይቷል፤ ከፎርም ሞይው በፊት። ትኬት ሲቆረጥ «ዊልቸር ይታዘዝላቸው» ይባላል። አለቀ። የአሜሪካ ህግ አየር መንገዶች እርዳታውን ያለ ክፍያ እንዲሰጡ ያስገድዳል፣ ስለዚህ 120 ዶላር የለም። ቃለ መጠይቅ የለም። እናት ከአውሮፕላኑ በር ተነስተው፣ ኢሚግሬሽኑን አልፈው፣ ሻንጣቸው ተነስቶላቸው እስከ መውጫው ይገፋሉ። ደለስ ላይ ደግሞ ገፊው ሀበሻ የመሆን እድሉ ትልቅ ነው። «እማማ ወረቀትዎን አዘጋጁ፣ እኔ አለሁ» ሲላቸው ግማሹ ጭንቀት እዚያው ይቀራል። ካሜራው እንዲህ ይላል? አይልም።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ቦሌ ላይ የልጅ ልጅ አዝለው ሲሮጡ የነበሩ እናት ደለስ ሲደርሱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ያማቸው! ቋንቋ የማያውቅ የ70 ዓመት ሰው በማያውቀው አዳራሽ ውስጥ እርዳታ የሚያገኘው ጉልበቱ ሲያመው ብቻ ከሆነ፣ ጥፋቱ የጉልበቱ አይደለም።

«ግን እኮ ከመሳፈር በፊት ያለውን ፍተሻ የሚያቀለው ፕሪቼክም አብሮ ይመጣል» ትሉኛላችሁ። ይመጣል። የፕሪቼክ ትልቁ ደስታ ጫማ አለማውለቅ ነበር፤ እሱን ደግሞ ከጁላይ 2025 ጀምሮ መንግስት ለሁሉም ፈቅዷል። «ክሬዲት ካርድ ብሩን ይመልሳል» ትላላችሁ። የዓመት ክፍያ እየከፈልክበት ያለ ካርድ የራስህን ብር ነው የሚመልስልህ። ሞባይል ፓስፖርት ኮንትሮል የሚባለውን፣ የመግቢያ መረጃህን በስልክህ የምትልክበትን ነጻ አፕሊኬሽን ግን ሰውየው በቪዲዮው አንዴ አልጠራውም። ዜጋም ሆነ ግሪን ካርድ ያለው ይጠቀምበታል፣ ቃለ መጠይቅ የለውም፣ ቤተሰብ በአንድ ስልክ ይሞላዋል፣ ብዙ ጊዜ የራሱ አጠር ያለ መስመር አለው። እርግጥ የእናትን ችግር እሱም አይፈታም፤ የጉብኝት ቪዛ ይዘው ከአዲስ አበባ ለሚመጡት አልተፈቀደም። ግን ቢያንስ ነጻ ነው። ፎርም ሞይ ነጻ ነገር ምን አሳስቦት ያስተዋውቃል።

ሌላም ያልተነገራችሁ አለ። ካርዱን ይዘህ በጉምሩክ ወይም በእርሻ ምርት ደንብ ከተያዝክ ካርዱ ሊነጠቅ ይችላል። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እናታችሁ ያሰሩት ሻንጣ ውስጥ ያለውን ሁሉ ታውቃላችሁ? በርበሬውን አይታችኋል፣ ሽሮውን አይታችኋል። በሽሮው ፌስታል መሃል የተቀበረውን ቋንጣ ማን አየ? ቋንጣ ሥጋ ነው፣ ከእኛ አገር አይገባም። ሳያስመዘግብ የተያዘ መንገደኛ ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን 300 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ሰልፍ የቆመው ሰው ብሩን ከፍሎ ይሄዳል። አንተ ግን ብሩም ካርዱም ሊሄድብህ ነው። እናትህን ደግሞ «ለምን አሰርሽልኝ» አትላቸውም።

መንጠቅ ሲነሳ የኒውዮርክን እናስታውስ። በፌብሩዋሪ 2020 የፌደራሉ መንግስት የኒውዮርክ ነዋሪ በሙሉ ለዚህ ፕሮግራም እንዳያመለክትና እንዳያድስ ከለከለ። ሰዎቹ ምን አጠፉ? ምንም። ግዛታቸው ወረቀት ለሌላቸው ስደተኞች መንጃ ፈቃድ የሚሰጥና መረጃቸውን ከኢሚግሬሽን የሚከልል ህግ አወጣ፣ ዋሽንግተን ተናደደች፣ በቃ። በጁላይ እገዳው ሲነሳ የመንግስቱ ጠበቆች ራሳቸው ለፍርድ ቤት ያቀረቡት ምክንያት ትክክል እንዳልነበረ አመኑ። ብሮንክስ የሚኖር፣ ጀርባው የተጠና፣ አሻራ የሰጠ ታክሲ ነጂ በፖለቲከኞች ኩርፊያ እድሳቱ ተዘግቶበት ከረመ። ሰነፍ ስለሆነ ነበር?

በየወሩ ዱባይና ጓንዡ ለሚመላለስ ነጋዴ፣ ለስብሰባ ለሚበር ባለሙያ ይሁንለት፤ ያውጣ፣ ይጠቀምበት። ከእሱ ጋር ጸብ የለኝም። በክረምት አንዴ ቤተሰቡን ይዞ አገር ቤት ደርሶ ለሚመለስ የነርሲንግ ሆም ሰራተኛ ግን ይህን እንደ ግዴታ መሸጥ፣ አልገዛም ሲል ደግሞ መስደብ ነውር ነው።

ድንበር ጠባቂው በእውነት ለተመላላሽ ካሰበ የሚሰራው ቀላል ነገር አለ። ጀርባው የተጠና ልጅ፣ ቪዛ ሲሰጣቸው ጀርባቸው የተጠና እናቱን ይዞ በአንድ መስመር ይለፍ። እኔ ቀድሜ ተመርምሬያለሁ፣ እሳቸውም ኤምባሲ ቀርበው አሻራ ሰጥተዋል። ሌላ ምን ቀረ? ይህን መስመር ይክፈቱና 120ውን 200 ያድርጉት፤ እከፍላለሁ። ፎርሙንም ያው ወንድማችን ይሙላልኝ።