ለበሩ ገንዘብ አለ፣ ለሽንት ቤቱ የለም

ያ ጀመዓ፣ ዛሬ ትንሽ ልናደድ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

እኛ ሰፈር መናፈሻ እየሠራን ነው። ባነሩ ላይ ሰፈሩ በሙሉ አለ። ቦታው ላይ ግን ሁሌ የማገኘው እነዚያኑ አምስት ስድስት ሰዎች ነው።

ደሴን የማያውቅ ሰው «መናፈሻ ምን ያስቸግራል፣ ሜዳ ፈልጎ ሳር መትከል ነው» ይላል። የቱን ሜዳ? ከተማችን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሀል የተወሸቀች ናት። ሜዳ የሚመስል ነገር ከተገኘ በማግስቱ ቆርቆሮ ይታጠርበትና ፎቅ ይወጣበታል። የቀረልን ተዳፋት ነው። ስለዚህ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት አስፋልት ላይ ነው፤ ባጃጅ ሲመጣ ጎል ያደረጉትን ድንጋይ አንስተው ያሳልፋሉ። ትንሽ ከፍ ሲሉ ጆተኒ ቤት፣ ከዚያ ፑል ቤት፣ ከዚያ ቤቲንግ ቤት። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ፀሐይ የሚሞቁት ሱቅ በር ላይ ነው፣ ባለሱቁ ፊቱን እስኪያጠቁርባቸው።

የእኛም ቦታ ቆሻሻ መድፊያ የነበረ ቁልቁለት ነው። እዚያ የተጣለ ፌስታል ክረምት ሲገባ በጎርፍ ወደ ቦርከና ይወርዳል፣ ቦርከና ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ። ኮምቦልቻዎች፣ አፉ በሉን። አሁን ቆሻሻው ተነሥቷል። በደቦ ነው የተነሣው። ጎረምሳው፣ እናቶች፣ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ወጣቶች፣ ሁሉም ግልብጥ ብሎ ወጣ። በዚህ ቅሬታ የለኝም። ያን ቀን ካሜራ ነበራ!

ብሶቴ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። መስቀል እንዳለፈ ገንዘብ ማሰባሰቢያ እናዘጋጅ ተባለ። አዳራሽ ተለመነ፣ ስፒከር ተከራየ፣ ለኮሚቴው ቲሸርት ታተመ። (በቲሸርቱ ብር ስንት ጋሪ ድንጋይ ይገዛ እንደነበር አልናገርም፣ ደሜ ይፈላል።) አንድ ነጋዴ በግ ለገሱ፣ ይስጣቸው። በጉ ለጨረታ ቀረበ። የእኛን አገር ጨረታ ታውቁታላችሁ፤ ያሸነፈው ሰውዬ «ለመናፈሻው መልሼ ሰጥቻለሁ» ይላል፣ ይጨበጨባል፣ በጉ እንደገና ይጫረታል። አንድ በግ ደጋግሞ ተሸጠ። አንዱ ማይኩን ተቀብሎ 50,000 ብር አለ፣ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሌላው ዝም ማለት ከበደውና 60,000 አለ። መድረክ መሪው ላብ በላብ ሆነ። በነጋታው ሰዉ ሁሉ «እነዚህ ሰዎች ሚሊየነር ሆኑ» እያለ ያወራል።

እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ደብተሬ ሁለት ዓምድ አለው፤ ቃል የተገባና ገቢ የሆነ። በግራ ያለውን ብታዩት ስታዲየም እንሠራለን። በቀኝ ያለው የአሸዋ ዕዳችንን አይከፍልም። ስደውል መጀመሪያ «እሺ ሰኞ»፣ ከዚያ «አዲስ አበባ ነኝ»፣ ከዚያ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ይቆማል። ሰውየው ፒያሳ ላይ ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። አቦ፣ አራጣ አበዳሪ አደረጋችሁኝ እኮ! ማን አስገደደህ? ማይኩን የተቀበልከው በገዛ እጅህ ነው።

የሚከፍሉት ደግሞ ለሚታይ ነገር ብቻ ነው የሚከፍሉት። የተወሰኑ ሰዎች ተሰባስበው «እኛ የምንሰጠው ለበሩ ነው» አሉ። ቅስት ያለው፣ በጥርብ ድንጋይ የተሠራ፣ የለጋሾች ስም በእብነ በረድ የተቀረጸበት በር። አጥር የለንም እኮ! ሰው በፈለገው በኩል ነው የሚገባው። በሩ ከማን ይጠብቀናል?

ተዳፋት ላይ መናፈሻ ስትሠራ መጀመሪያ የሚሠራው ዓይን የማይሞላው ነው። ከላይ የሚመጣውን ውሃ የሚቀበል ቦይ፣ ከዚያ እርከን፣ ከዚያ አፈሩን የሚይዝ ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ መረብ የታሰረ የድንጋይ ግድግዳ። ይህ ሳይኖር አግዳሚ ወንበር ብትተክል የሐምሌ ጎርፍ ከነሲሚንቶው ይዞት ይወርዳል። ይህ ለደሴ ልጅ አይነገርም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር መሬት ሲናድ እያየ ነው ያደገው። ቢሆንም ለአንድ ባለሀብት ላስረዳ ሄድኩ። በጥሞና ሰሙኝ፣ ሻይም ጋበዙኝ። መጨረሻ ላይ «ቦዩ ላይ ስም ይጻፋል?» አሉኝ።

ሽንት ቤቱንማ ተዉት። ስብሰባ ላይ ባነሳሁት ቁጥር ሰው ይስቃል። ምን ያስቃል? አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ ልጁ ሽንቴ መጣ ቢላት የት ትውሰደው? እሷ ራሷስ? ሽንት ቤት የሌለው መናፈሻ ወር ሳይሞላው ራሱ ሽንት ቤት ይሆናል። ዥዋዥዌና ሸርተቴ ለመግዛት ሰው ተሻምቷል። ለሽንት ቤት ጉድጓድ ብለው በእጄ ብር ያስጨበጡኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉሊት የኖሩ አንዲት እማማ ብቻ ናቸው። «ጭንቁን የማውቀው እኔ ነኝ ልጄ» አሉኝ።

ችግኙም ያው ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ እየዘነበ ሰው ወጣ። ወይራ፣ ጽድ፣ ግራቪሊያ ተተከለ፤ አንዳንዱ ከነፕላስቲኩ። አንዷን ችግኝ ለአራት ይዘው ፎቶ ተነሡ። ችግኝ ግን ሐምሌ ላይ አይሞትም። ዝናቡ መስከረም ላይ ያባራል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይመጣል፣ ከዚያ ፀሐዩ። ሥሩ ገና መሬት አልጨበጠም። ጀሪካን የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ይኸው ጥር ገባ፣ ጀሪካን ይዞ የሚመጣ የለም። ቧንቧ በፈረቃ የሚጠብቀውን ሰው ለዛፍ ቅዳ ብዬ አልወቅሰውም። ግን ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍሮ መኪናውን ጧት ማታ የሚያጥብ ሰው አለ። ከውርጭና ከፀሐይ የተረፈውን ደግሞ ፍየል ጨረሰው። የፍየሉ ባለቤት የኮሚቴ አባል ነው፣ ከዚህ በላይ አልናገርም።

በየቤቱ ስዞር «ያለፈው ኮሚቴ የበላውን አምጡና ከዚያ እናወራለን» የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው። ድሮ ለመንገድ ተብሎ የተዋጣው ብር የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ለዚህ ነው እኛ ያለ ሦስት ፊርማ ሳንቲም የማናወጣው። በየወሩ ገቢና ወጪውን ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ። ፎቶ ስለጥፍ የልብ ምልክት ይዘንባል። ሒሳቡን ስለጥፍ ጸጥ።

በጣም የሚያበሽቀኝ ይህ ሕዝብ መስጠት አያውቅም ማለት አለመቻሌ ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ፣ ከራያና ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሰው ትምህርት ቤቶቻችንን ሲሞላ ማን ማይክ ያዘ? እናቶች ከየቤታቸው እንጀራ ይዘው ሄዱ፣ ሰው የለበሰውን ጋቢ አውልቆ ሰጠ። ማንም «ስሜ የት ይጻፋል» አላለም። ከዚያ ጦርነቱ ራሱ ከተማችን ገባ፣ ያየነውን አየን። ልጆቹም አዩ። አስፋልት ላይ ኳስ የሚጫወቱት እኮ እነዚያው ልጆች ናቸው።

እድሩስ? በየወሩ ትንሽ ብር፣ ያለ ጭብጨባ። የቀረ ይቀጣል፣ አበቃ። መናፈሻውም እንደዚያ ይሁን ብዬ አቀረብኩ። በየቤቱ በወር የአንድ ሁለት ስኒ ቡና ዋጋ፣ ለዘበኛ ደመወዝና ለውሃ። «እሱማ ምን አላት» ብለው ሌላ ቴሌቶን እናዘጋጅ አሉ። ቴሌቶን! የመጀመሪያውን ሳንሰበስብ! ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራ የሰፈራችን ልጅ አለች፣ በየወሩ ሳትዘገይ ትልካለች። ስሟን ባነሣ እንደምታቆም አስጠንቅቃኛለች። እስካሁን ለውሃ ማመላለሻ ጋሪ የምንከፍለው በእሷ ብር ነው።

በጉን ደግሞ አልረሳሁትም። እስካሁን እኔ ግቢ ነው። መጨረሻ ላይ ያሸነፈው ሰውዬ ብሩን ይዞ መጥቶ ሊወስደው ተስማምተን ነበር። ይኸው መኖ እየገዛሁ አለሁ። የመናፈሻው ሒሳብ ላይ «የበግ መኖ» የሚል ወጪ ብጽፍ ሰው ምን ይለኛል? ከኪሴ ነው የምከፍለው። ሌሊት ይጮሃል፣ ጎረቤት ይቆጣል፣ የባለቤቴን ጎመን በልቷል። ወንድሜ፣ ራስህን ታውቃለህ። እስከ እሑድ መጥተህ ካልከፈልክ ሰኞ ገበያ አወጣዋለሁ። ብሩ ቀጥታ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ደረሰኙንም በስምህ ነው የምቆርጠው።