የኮንጎ የእንጨት ትራስና የማቶንጌ ሹሩባ

ኮንጎ ውስጥ ሉባ የሚባሉት ሕዝቦች አንገት የሚያሳርፉበት የእንጨት ትራስ ነበራቸው። ቁመቱ ስንዝር ቢሞላ ነው። እኔን የሚገርሙኝ ከሉባዎቹ መካከል ሻንካዲ የሚባሉት ጠራቢዎች የሠሯቸው ናቸው። ሁለት ትንንሽ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው መደገፊያውን በራሳቸው ተሸክመዋል። ፀጉራቸው ከኋላ በደረጃ በደረጃ እየሰፋ ይወርዳል። በ19ኛው መቶ ዓመት ከሠሩት አንዱን፣ ስሙን የመዘገበለት ስለሌለ፣ ባለሙያዎች «የፏፏቴው ሹሩባ ሊቅ» ይሉታል።

አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለ ትራስ የሚታየው መስታወት ውስጥ ነው። ብራስልስ አጠገብ ያለው የቴርቩረን ሙዚየም የኮንጎ ዕቃ የሞላበት ቤት ነው። ጎብኚው ጎንበስ ብሎ ያይና «በዚህ ላይ እንዴት ይተኛል?» ይላል።

መልሱን የሚፈልግ ማቶንጌ ይሂድ። የብራስልስ ኮንጎዎች ሰፈር ነው፤ ፀጉር ቤቱ ለጉድ ነው። የእኛም ሴቶች ሹሩባ ለመሠራት ይሄዳሉ። ግማሽ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዩሯቸውን ከፍለው፣ ማታ የሳቲን ኮፍያ አጥልቀው ይተኛሉ። ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ሌሊት እንዲበላሽ ማን ይፈልጋል? የሉባዎቹ ደግሞ በአንድ ቀን የሚያልቅ አልነበረም። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለሳምንታት መቆየት ነበረበት። ትራሱ ለፀጉሩ ነው እንጂ ለምቾት አይደለም።

አገር ቤት ደቡብ ኦሞ ለሄደ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። የሐመር ወንድ ብርኩማው ከእጁ አይለይም። ቀን ይቀመጥበታል፤ ሲጋደም ይንተራሰዋል፣ በጭቃ የተሠራው ፀጉሩ እንዳይነካበት። እኛ ዲያስፖራዎቹ ግን ለዕረፍት ስንገባ ዋጋ ተከራክረን እንገዛውና ሳሎን መደርደሪያ ላይ እንጎልተዋለን። ቤልጂጎቹን ለመውቀስ አፍ የለንም።

ሉባዎች ዘንድ ትራሱ ሌላም ሥራ ነበረው። ባለቤቱ ሲሞት አብሮት ይቀበራል። አስከሬኑ ካልተገኘ ደግሞ በእሱ ምትክ ትራሱ የሚቀበርበት ጊዜ ነበር። የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1897 ለኤግዚቢሽን ቴርቩረን ካስመጧቸው 267 ኮንጎዎች 7ቱ ሞተው አስከሬናቸው እዚያው ቀርቷል።

እኛም ሰው ሲሞትብን በዋትሳፕ መዋጮ እንጀምራለን፣ ሬሳ አገር ቤት ለመላክ። ገንዘቡ ካልሞላ እዚሁ ይቀበራል። አገር ቤት ያሉት ፎቶውንና ልብሱን አውጥተው ያለቅሱለታል። የድሮ ሉባ ቢያየን ብዙም አንገርመውም።