እርማት፦ ጠቅላላ ሐኪም «ስፔሻሊስት መሆን ያቃተው» አይደለም

«ጠቅላላ ሐኪም የሚሆነው ስፔሻሊስት መሆን ያቃተው ነው፤ እንደተመረቀ ሥራ ይጀምራል» ለተባለው፦ በብሪታንያ ይህ ፈጽሞ ስህተት ነው። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ዓመት ከሚፈጀው የሕክምና ትምህርት በኋላ 2 ዓመት የመሠረት ሥልጠና አለ፤ ቀጥሎም ለጠቅላላ ሕክምና ብቻ የተለየ ቢያንስ 3 ዓመት፣ ከፊሉ በሆስፒታል፣ ከፊሉ በክሊኒክ። ፈተናውም ቀላል አይደለም።

ራሱን ያመመው ሰው ስፔሻሊስት ዘንድ የሚደርሰው ተጣርቶ ነው። ጠቅላላ ሐኪሙ ግን ምንም ያልተጣራለትን ታካሚ ይዞ፣ በ10 ወይም 15 ደቂቃ ውስጥ ተራውን ሕመም ከአደገኛው መለየት አለበት። የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ ዞር ብሎ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» የሚለውን ታካሚ መልሶ አስቀምጦ ማዳመጥ፣ ይህም ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በሥልጠና ይገኛል።