ኧረ ደጄን ልቀቁልኝ!

ዛሬ ማንም እንዳያረጋጋኝ። «ተረጋጊ የኔ ቆንጆ» የሚል ኮመንት ካየሁ እዛው ብሎክ ነው። ቤት ለቤት የሚሰብኩት የሞርሞን ልጆች አሁን ነው የወጡት፣ በሩ ሲዘጋ የሰማሁት ድምፅ ገና ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ እማዬ ደሞ ኪችን ገብታ ሲኒ እያጠበች «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው» ትለኛለች። ጨዋ! እሱ እኮ ነው ችግሩ እማዬ! ባለጌ ቢሆኑማ ድሮ ተገላግያቸው ነበር።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ እኔ ከሞርሞን፣ ዋና መቀመጫው እዚህ ዩታ ሶልት ሌክ ከሆነው ቤተክርስቲያን፣ ወጥቻለሁ። ዝም ብዬ መቅረት አይደለም፣ ደብዳቤ ጽፌ፣ ኖተሪ ፊት ፈርሜ፣ ልኬ፣ መልስ መጥቶልኛል። መልሱም ጥምቀትሽ ተሰርዟል፣ በረከቶችሽ ተነስተዋል፣ ልመለስ ካልሽ እንደ አዲስ ተጠይቀሽ ትጠመቂያለሽ ነው የሚለው። እሺ፣ ጥሩ፣ ተስማምተናል። ሁሉን ነገር ከሰረዛችሁ በኋላ ታዲያ እኔ ቤት ምን ቀርቷችሁ ነው የምትመጡት? የረሳችሁት ጃንጥላ አለ?

አንዴ አንዷን ልጅ አድራሻዬን ከየት አገኘሽው ብያት የዋህ ናትና ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። አፕ አላቸው። የሰፈሩ ሰው እዛ ውስጥ ነው ያለው፣ ማን ይመጣል፣ ማን ቀረ፣ ማንን መቼ አናገሩት ሁሉ ተጽፏል። ልጆቹ ደሞ በየስድስት ሳምንቱ ዝውውር የሚባል ነገር አላቸው፣ ሰዉ ይቀየራል፣ ስልኩ ግን እዛው ለሚቀጥሉት ይቀራል። እና እኔ አንዱን ጥንድ በስንት መከራ አስረድቼ፣ «ገባን ሲስተር፣ እናከብራለን» ብለውኝ፣ ተጨባብጠን ተለያይተን፣ ሰላም አገኘሁ ስል አዲሶቹ ስልኩን ከፍተው ስሜን አይተው ደስ ብሏቸው ይመጣሉ። ስሜን እንደ እቁብ ይቀባበሉታል። እኔ ደሞ ለእያንዳንዱ ዙር ለምን እንደወጣሁ ከሀ ጀምሬ ማስረዳት አለብኝ። ወንዶቹ ሁለት ዓመት፣ ሴቶቹ ዓመት ከስድስት ወር አገልግለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፣ የኔ አገልግሎት መቼ ነው የሚያልቀው?

አፓርትመንት ስቀይር ለማንም አልተናገርኩም። ለገዛ እህቴ እንኳን ገና አልነገርኳትም ነበር። ካርቶኑን ፈትተን ሳንጨርስ ሁለት ነጭ ሸሚዝ ከረባት ያሰሩ ልጆች የዱባ ዳቦ ይዘው በር ላይ! ዳቦው ደሞ ይጣፍጣል፣ እሱ ነው የሚያናድደው። በላነው። ምን ላድርግ፣ ልጣለው?

ለነገሩ የዚህ ከተማ አድራሻ ራሱ የሚቆጠረው ከነሱ ቤተ መቅደስ ነው። ሶልት ሌክ ያልኖረ ሰው አይገባውም። ደቡብ ስንት መቶ፣ ምዕራብ ስንት ሺህ ሲባል መነሻው እዛ መሃል ከተማ ያለው መቅደሳቸው ነው። ለኡበር ቤቴን ስናገር እንኳን ከነሱ ምን ያህል እንደራቅኩ ነው የምናገረው፣ ወዴት ነው የሚወጣው ታዲያ? ሞቼ ላምልጥ ብልም እኮ አይሆንም፣ ለሙታንም በስማቸው ሕያው ሰው ያጠምቃሉ።

ወደ ዛሬው ልምጣ።

«በሩን አትክፈቺ» የምትሉኝ፣ እኔ አልከፈትኩም! ከሌሊት ሺፍት ገብቼ እንደ ሬሳ ተኝቻለሁ። ስነቃ ሳሎን ውስጥ ሳቅ አለ፣ የፈረንጅ ሳቅ፣ ከሳቁ ጋር ደሞ የሚቆላ ቡና ሽታ። እንቅልፍ ባይኔ ሻሼን እንዳሰርኩ በፒጃማ ወጣሁ። ሁለት ቀሚስ የለበሱ ልጆች፣ ደረታቸው ላይ ጥቁሯ የስም ባጅ፣ መሃላቸው ደሞ እሷ። ኩኪስ ሳትይዝ የማትመጣው ጎረቤቴ፣ ኩኪሷ ሴትዮ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ በመንገድ በመንገድ ተከፋፍሎ ባንድ ጉባኤ ነው የሚደለደለው፣ እሷ ደሞ ሁለት በር አልፋ ናት፣ ከሷ የሚያመልጥ የለም።

እማዬ ቡናውን ከነመቁያው እያዞረች ታሸትታቸዋለች። የጭስ አላርሙን ቀድማ በፎጣ ጠቅልላዋለች። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ ማሽተት ይፈቀዳል መሰለኝ። ከዛ ቀድታ ስታቀርብ «ኖ ታንክ ዩ»። እማዬ ወደኔ ዞረች።

«ምነው፣ ጾም ናቸው?»

«አይ እማዬ፣ ሃይማኖታቸው ቡና አይፈቅድም።»

«ቡና?»

«አዎ፣ ሻይም።»

«ታዲያ አንቺ ያኔ እነሱ ጋ ስትሄጂ…»

«ትቼ ነበር።»

ሲኒውን ረከቦት ላይ አስቀምጣ አየችኝ። ሃይማኖት ቀየርኩ ያልኳት ጊዜ እንኳን እንዲህ አላየችኝም፣ ሙች! እመቤቴን ጥዬ መሄዴን አልቅሳ ይቅር ብላለች፣ አቦል አለመጠጣቴን ግን ገና ይቅር የምትለኝ አይመስለኝም።

ኩኪሷ ሴትዮ እጅ ላይ ደሞ ያቺ ባልዲ የምታክል የሶዳ ኩባያ አለች። ትስባለች። እዚህ አገር የሶዳ ሱቅ በየመንገዱ ነው፣ ኮካ ውስጥ ክሬምና የኮኮናት ሽሮፕ ጨምረው ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ይይዙለታል። ካፌይን ያለው ሶዳ ክልክል አይደለም ብለው በ2012 ግልጽ አድርገዋል፣ ቡና ግን መሥራቻቸው ተቀበልኩት ካለው ከ1833ቱ ራዕይ የተነሳ አይሆንም፣ «ትኩስ መጠጥ» ይላልና። እሺ በበረዶ ልጠጣው? እሱም አይሆንም። ይሄን ጥያቄ ድሮ ጠይቄ ፈገግ ብለው አልፈውኛል። ፈገግታ እኮ መልስ አይደለም! አሁንም ያናድደኛል።

በቃ ተቀመጥኩ። ስለ አየር፣ ስለ በረዶ፣ ስለ እማዬ ቀሚስ ጥበብ ወሬ። ከዛ ኩኪሷ ሴትዮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ትንሿ ልዕልታችን ስምንት ልትሞላ ነው አይደል?» አለችኝ።

ደሜ ነው የፈላው። ልጄ በሚቀጥለው ወር ስምንት ትሞላለች። እነሱ ጋ ልጅ የሚጠመቀው በስምንት ዓመቱ ነው። የኔ ስም ወጣ እንጂ የሷ ስም መዝገብ ላይ ነው፣ የሕፃን ስም እንዲወጣ ደሞ ወላጆች መፈረም አለባቸው፣ ባሌ ደሞ ትራክ ላይ ነው ያለው፣ ዛሬ ዋዮሚንግ ነገ ኔብራስካ። ሲመለስ ወረቀቱን ሳቀርብለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኔ መች ገባሁና ነው ለመውጣት የምፈርመው?» ይስቃል! ወንድ ልጅ!

እና የልጄን ልደት ከአክስቶቿ በፊት የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። ቀኑን እኔ ነኝ እንዴ የነገርኳችሁ? ኬክ ልትገዙላት ነው?

ተነሳሁ። በጨዋ እንግሊዝኛ፣ ለሥራ ኢንተርቪው ያላወጣሁትን እንግሊዝኛ አውጥቼ፣ ወጥቻለሁ፣ ደብዳቤም አለኝ፣ ልጄ አትጠመቅም፣ እባካችሁ ከዚህ በኋላ አትምጡ አልኳቸው። ድምፄ ተንቀጥቅጧል ግን ብያለሁ። ሁለቱ ልጆች ደነገጡ፣ አንዷ እንደውም ልታለቅስ ደርሳለች፣ አስራ ዘጠኝ ወይ ሃያ ቢሆናት ነው፣ አሳዘነችኝ ደሞ። ኩኪሷ ግን ወይ ፍንክች! «ኦ ስዊቲ፣ እናውቃለን፣ እኛ እንደ ጎረቤት ነው የመጣነው።» ጎረቤት ባጅ አድርጎ ይመጣል እንዴ? ከዛ እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ በዛ ለስላሳ ድምፅ «ታውቂያለሽ፣ በ1985 እኮ ለሀገርሽ ጾመናል። ልጆቼ ትንንሾች ነበሩ፣ እነሱም ጾመዋል» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

እማዬ «ምን አለች?»

ወላሂ በውሸት ልተረጉም አስቤ ነበር። ውጪው ይበርዳል አለች ልል ነበር። ግን እማዬ የሰው ፊት ታነባለች። «በ77 ለኛ ጾመው እንደነበር ነው የምትናገረው» አልኳት።

እማዬ የቆቦ ልጅ ናት። 77ን በዜና አይደለም ያየችው። «ስንት ቀን?» አለችኝ። «አንድ ቀን፣ የምግቡን ብር ሰጥተው።» ሁዳዴን ሃምሳ አምስት ቀን የምትጾም ሴት ይቺን ሰምታ ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ «አንድ ቀንም ቢሆን ጾም ነው» ብላ ብድግ አለች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ሄዳ ኩኪሷን ሴትዮ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት፣ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ። «እግዜር ይስጥልኝ የኔ እመቤት፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ» አለቻት። ሴትዮዋ አለቀሰች። ልጆቹም አለቀሱ። እኔ ብቻ በፒጃማ ደርቄ ቆሜ፣ በገዛ ሳሎኔ ክፉዋ ሰው እኔ ሆኜ ቀረሁ።

ውሸት አይደለም፣ አውቃለሁ። ጃንዋሪ 27 ቀን 1985 አሜሪካ ያሉት ጉባኤዎቻቸው ለኢትዮጵያ ረሃብ ብለው ጾመዋል፣ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል። እግዜር ይስጣቸው፣ ከልቤ ነው። ግን ይሄን ታሪክ መጀመሪያ የመጣን ጊዜ፣ ሶፋ ሲያመጡልን፣ ደጋግመው ነግረውናል። ያልነገሩንን ልንገራችሁ? ጥቁር ወንድ ክህነት እንዲያገኝ፣ ጥቁር ሴትም መቅደስ ገብታ ሥርዓቱን እንድትፈጽም የተፈቀደው በ1978 ነው። ለኛ ከመጾማቸው ሰባት ዓመት በፊት ማለት ነው። ይሄን ከተጠመቅኩ ስንት ጊዜ በኋላ ራሴ አንብቤ ነው ያወቅኩት፣ የጉባኤያችንን መሪ፣ ቢሾፑን፣ ብጠይቀው «እግዚአብሔር የራሱ ጊዜ አለው» አለኝ። የሰውዬው መልስ እስከዛሬ ሻወር ስገባ ትዝ ይለኛል፣ ያኔ ማለት የነበረብኝን ሁሉ ለሻምፖው እናገራለሁ።

እና የ77ን ብድር እኔ በልጄ ነው እንዴ የምመልሰው? ሶፋውን እኮ ካስፈለገ ውሰዱት! መሃሉ ጎድጉዷል እንጂ አለ!

ሀበሻውስ ብትሉኝ፣ እሱም የራሱን ያመጣል። ስገባ «በሶፋ ተገዛች» ተባልኩ። ስወጣ ደሞ ሁሉም የራሱ ሰው አደረገኝ። ጴንጤዋ ጓደኛዬ «ሃሌሉያ» ብላ በዛው አፏ ለእሁድ ቀጠሮ ያዘችልኝ። የኦርቶዶክሶቹ እናቶች ንስሐ አባት ፈልገውልኛል፣ ስልክ ቁጥሩ በሦስት ሰው ነው የደረሰኝ። እማዬ ደሞ ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አልተነሳችም ብላ ከመጣች ጀምሮ እህህ ትላለች። አንዱ በሰማንያ ቀን አንዱ በስምንት ዓመት፣ ልጄ ሜዳ ላይ የተገኘች ኳስ ናት? አንድ እሁድ ጠዋት ዝም ብዬ ተኝቼ ባረፍድ ለየትኛው ሃይማኖት ነው የሚቆጠረው? እንቅልፍ እፈልጋለሁ ሰዎች! የሌሊት ሺፍት ነኝ!

አላለቀም። እየወጡ፣ በር ላይ፣ ኩኪሷ ሴትዮ እኔን ዘላ ለእማዬ «ሰንደይ? ቸርች? ሊትል ገርል?» ትላታለች፣ በጣቷ ሁሉ እያሳየች። እማዬ ከእንግሊዝኛ «ቸርች» እና «ሰንደይ» ታውቃለች። «የስ፣ የስ» ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሴትዮዋ አውራ ጣቷን አሳይታኝ ሄደች። አውራ ጣት!

«እማዬ ምን ያልሽ መሰለሽ?» ብላት «እሁድ ቤተክርስቲያን ትሄዳላችሁ ወይ አለችኝ፣ አዎ አልኳት፣ ምን ልበላት፣ አንሄድም ልበላት? ለሰው?» አለችኝ። ልጄ ደሞ ከትምህርት ቤት ገብታ ኩኪሱን እየበላች «እሁድ የት ነው የምንሄደው?» ትላለች።

እሁድ በሦስት ሰዓት መኪና ይዘው ይመጣሉ። እኔ በሁለት ሰዓት ነው ከሥራ የምገባው። ባሌ ዓርብ ማታ ይደርሳል፣ ፈረመም አልፈረመም እጁን ይዤ ነው የምወስደው። ዌስት ቫሊ አካባቢ ቅዳሜ የሚሠራ ኖተሪ የምታውቁ በናታችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ወደ ቸርቻችሁ ልትጋብዙኝ ኢንቦክስ የምታደርጉ ደሞ፣ አይቻችኋለሁ፣ አልመልስም።