የአሳ ከንፈር ቅባት

ጥርሴን አሞኝ ቀጠሮ መጠበቅ ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ዛሬ የማወራው ስለ ጥርሴ አይደለም፤ ስለ አሳ ነው። ግን የጥርሴን ጉድ ካልነገርኳችሁ ንዴቴ አይገባችሁም።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ፈረንጅ አለ። ደግ ሰው ነው። ችግሩ ዓመቱን ሙሉ ስለ ካርፕ ያወራል። ካርፕ ማለት ያ ወፍራም፣ ቅርፊቱ ሳንቲም ሳንቲም የሚያህል፣ አፉ ዳርና ዳር አራት አጫጭር ጢም ያለው አሳ ነው። ከውጭ መጥቶ እኛም አገር ገብቷል፤ ቆቃና ዝዋይ ላይ ይጠመዳል። ዝዋይ በኩል «ዱባ» ሲሉት ሰምቻለሁ። ሆዱን ያየ ሰው ስሙ አይገርመውም።

አንድ ቅዳሜ «ና እንሂድ» አለኝ። እኔ የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ። ጀማ ወንዝ እየወረድን ነው ያደግነው። አሳ ማጥመድ ለኔ ሸንበቆ፣ ክር፣ መንጠቆና ትል ነው። አለቀ። «ምን ይዤ ልምጣ?» ስለው ሳቀና ወደ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ወሰደኝ።

ሱቅ ስላችሁ ሱቅ እንዳይመስላችሁ፤ መጋዘን ነው። ግድግዳው በሙሉ ዘንግ። ሻጩ ሽበታም ሰውዬ ነው። ገና ሰላም ሳልለው ጥያቄውን ያዥጎደጉደው ጀመር። ውሃው ሐይቅ ነው ወንዝ? ስንት ሜትር ነው የምትወረውረው? ታቹ ጭቃ ነው፣ ጠጠር ነው፣ ሣር ነው? እኔ ዘንግ ልገዛ እንጂ ቤት ልሠራ አልመጣሁ። «አንተ የሚበጀውን ስጠኝ» አልኩት። በኋላ ያለቀስኩት በዚች መልሴ ነው።

ሰጠኝ። 3.6 ሜትር ዘንግ። ዘንጉ ላይ 3 ፓውንድ የሚል ተጽፎበታል። ጫፉን ጎትቶ ሩብ ክብ ለማጉበጥ የሚያስፈልገው ክብደት ማለት ነው አለኝ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ከባድ እርሳስ፣ የሚጻፍበት ሳይሆን ክሩ ላይ የሚታሰረው ማዕድን፣ ሩቅ ይወረውራል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ አሳው አጠገብህ ሲመጣ እሺ ብሎ ይታጠፍልሃል። ቀጥሎ 15 ፓውንድ የሚችል ክር። ቀጥሎ 85 ግራም እርሳስ። መንጠቆው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ መንጠቆው ያንሳል፤ ለካርፕ 6 ወይም 8 ጥሩ ነው። ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረች እሾህ የሌለችው ቢሆን ይመረጣል፤ ለምን ቢባል ሲነቀል አሳውን እንዳይጎዳ። በዚህ ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

አንድ ዘንግ ይበቃል ብል «ሁለት ውሰድ፤ ፈቃዱ ለሁለት ነው» አለኝ። አዎ፣ ፈቃድ አለ። እንግሊዝ ውስጥ 13 ዓመት የሞላው ሰው ፈቃድ ሳይዝ ሐይቅም ሆነ ወንዝ ውስጥ ዘንግ አይነክርም። ከተያዘ እስከ 2,500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ሦስተኛ ዘንግ ካማረህ ሌላ ክፍያ አለው። ወንዝ ላይ ደግሞ ከመጋቢት 15 እስከ ሰኔ 15፣ በነሱ አቆጣጠር፣ ካርፕና መሰሎቹን ማጥመድ የሚባል ነገር የለም፤ አሳው እንዲራባ ይተዉታል። ይቺ ይቺ እውነቱን ለመናገር አስቀናችኝ።

ከዚያ ወደ ምግቡ ዞርን። የአሳውን ምግብ ነው የምላችሁ። አንድ ሙሉ መደርደሪያ ዳቦ ቆሎ! እኔ ዳቦ ቆሎ ነው ያልኩት፤ እነሱ ቦይሊ ይሉታል። የአሳ ዱቄት፣ የወተት ዱቄትና ሰሞሊና በእንቁላል ይቦካል። ድብልብል ተደርጎ ይቀቀላል። ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ጥቃቅን አሳ እንዳይቦጫጭቀው። ነጭ ሽንኩርት የገባበት አለ። አብሽ የገባበት አለ። እንጆሪ የሚሸት አለ። ያንን ሁሉ እንቁላል አሳ ሲበላው እናቴ ብታይ ምን እንደምትል አሰብኩ።

አጠገቡ ደግሞ በቆሎና ሽምብራ በባልዲ ተቀምጧል። ጥሬውን መስጠት ነውር ነው። አሳው ሆድ ውስጥ ገብቶ ያብጥበታል። ሌሊቱን ዘፍዝፈህ በደንብ ትቀቅለዋለህ። በአማርኛ ንፍሮ ይባላል። ለአሳ ንፍሮ!

ምርጫውም እንደ ወቅቱ ነው። በበጋ ውሃው ሲሞቅ አሳው ይርበዋል፤ የአሳ ዱቄትና ዘይት ያለበትን ከብድ አድርገህ ትሰጠዋለህ። በክረምት ደሙ ቀዝቅዞ ምግብ ቶሎ አይፈጭለትም። ዘይቱም በብርድ ይረጋል። ስለዚህ አነስ፣ ደመቅ፣ ሸተት ያለ ነገር፣ እሱንም በቁጥር። ካርፕ ጨጓራ የለውም፤ ጥርሱም ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጥርሱን ታሞ ያውቅ እንደሆነ ሻጩን ጠይቄው ነበር። ቀልድ መሆኑ አልገባውም።

በጣም የገረመኝ ግን ምግቡ መንጠቆው ላይ አለመሰካቱ ነው። ከመንጠቆው ጀርባ በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሁለት እንግሊዞች፣ ሌን ሚድልተንና ኬቨን ማዶክስ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ያወጡት ዘዴ ነው። ካርፕ ያገኘውን ሁሉ እምጥ አድርጎ ቀምሶ ይተፋል። ሊተፋ ሲል ባዶው መንጠቆ ከንፈሩ ላይ ይቀራል። ደንግጦ ሲሮጥ እርሳሱ ይጎትተዋል፤ ራሱን በራሱ ያጠምዳል። ተንኮል ነው፤ ግን የተማረ ተንኮል።

ሂሳቡን አልነግራችሁም። በኋላ ነው ያነበብኩት፣ ሪቻርድ ዎከር የሚባለው ሰው በ1952፣ በነሱው አቆጣጠር፣ ሬድማየር ከሚባል ኩሬ 44 ፓውንድ፣ 20 ኪሎ ማለት ነው፣ የሚመዝን ካርፕ ያወጣው በዳቦና በሊጥ ነው። አሳዋም ለንደን መካነ እንስሳት ገብታ ኖራለች። በሊጥ! ገንዘቤ ካለቀ በኋላ ማወቄ ምን ያደርጋል።

ሐይቁ ዳር አደርን። ብርዱ የደብረ ብርሃንን ያህል ባይሆንም ወደዚያው ነው። አንድ የመንዝ ባና ቢኖረኝ ያን ሁሉ ዘንግ እለውጥበት ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘንጉ ላይ የተገጠመችው ማንቂያ ጮኸች። ፈረንጁ በካልሲ ሮጠ። ሩብ ሰዓት ያህል ታገለ። በትልቅ መረብ ሲያወጣው ወርቃማ ነገር፣ ዘጠኝ ኪሎ ገደማ።

እኔ በልቤ ድስት ጥጃለሁ። ግማሹን ጉላሽ፣ ግማሹን ጥብስ፣ ጭንቅላቱን ሾርባ።

ፈረንጁ ግን ፍራሽ አነጠፈ። ለአሳው! ፍራሹንም በውሃ አራሰው፤ ደረቅ ከሆነ ቆዳውን ይልጠዋል። ቀስ ብሎ አስተኛው። መንጠቆውን ነቀለ። ከዚያ ከቦርሳው ትንሽ ብልቃጥ አወጣ። በባትሪ እያበራ መንጠቆው የወጋትን፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቁስል፣ መድኃኒት ቀባት። ትንሽ ጠበቀ። ደግሞ ቀባት። ፎቶ ተነሳ። ግንባሩን ሳመው። ወደ ውሃው መልሶ እስኪዋኝ ድረስ በሁለት እጁ ደግፎ ቆመ።

ወጋው፣ ጎተተው፣ አከመው፣ ሳመው፣ ሸኘው። እኔ ጉንጬን ይዤ አያለሁ። አሳው ቀጠሮ አልያዘም። ወረፋ ቁጥር አልተሰጠውም። «ከአንድ እስከ አሥር ሕመምህ ስንት ነው?» ያለውም የለም።

እልህ ያዘኝ። ጥር ላይ ለጥምቀት አገር ቤት ስገባ ሙሉ ዕቃውን ጭኜ ሄድኩ። ዘንጉ ሁለት ቦታ ቢፈታም 1.8 ሜትር ነው። ወደ መርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ረዳት አየውና «ይሄ ወንበር ይይዛል» ብሎ የአንድ ሰው ሂሳብ ተቀበለኝ። ብከራከረው ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ።

ቤት ገብቼ ሻንጣዬን ፈታሁና ተኛሁ። ስነሳ ቡና ተፈልቷል። ጎረቤት ሞልቷል። ሰፌድ ላይ ምን አየሁ መሰላችሁ? ቦይሊዬ። እንጆሪ የሚሸተው። እናቴ ለቡና ቁርስ አቅርባዋለች።

«እማዬ! ይሄ እኮ የአሳ ምግብ ነው!»

ሁሉም ፀጥ አሉ። አንድ ጎረቤታችን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ያፋቸውን እያላመጡ አዩኝ። «እኔማ እዚያ ዳቦ ቆሎው እንዲህ ከሆነ ይሄ ልጅ እንዴት ከርሞ ይሆን ብዬ እያዘንኩልህ ነበር» አሉኝ። እናቴ ግን አልተሸነፈችም። «እንቁላል አለበት ካልክ ምን አለበት፤ ጨው ነው ያነሰው» አለች።

በማግስቱ ከእህቴ ልጅ ጋር ወደ ጀማ ወረድን። 13 ዓመቱ ነው። እንግሊዝ ቢሆን ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። የያዘው የእጁን ርዝመት ሁለት እጥፍ የማይሞላ ዘንግ፣ ክርና ከጠርሙስ ክዳን የተቆረጠች ቡሽ ነው። መንጠቆው ቆቡ ጠርዝ ላይ ተሰክቷል። አንድ ነው። ከዝዋይ የመጣ ሾፌር ነው የሰጠው። ሦስት ዓመቱ ነው አለኝ፤ ሲዶለዱም በድንጋይ ይስለዋል። የኔ ሳጥን ውስጥ ሁለት መቶ መንጠቆ አለ። ሳጥኑን እፊቱ መክፈት አፈርኩ።

ልጁ ወዲያው አልጣለም። ድንጋይ እየገለበጠ ታቹን ያያል። ሣሩ ውስጥ ገብቶ ፌንጣ ለቀመ። ውሃው የሚፈጥንበትንና የሚረጋበትን አየ። እኔ 85 ግራሜን ወረወርኩ።

«ጋሼ፣ እዚህ ታቹ ድንጋይ ነው፤ ይይዝብሃል» አለኝ።

ያ ሽበታም ሻጭ ታወሰኝ። ታቹ ምንድን ነው ብሎኝ ነበር እኮ! ለረጋ ኩሬ የተሠራ ዕቃ ይዤ ጀማ ገባሁ። አራት ጊዜ ወረወርኩ፤ አራት እርሳስ ከነመንጠቆው ድንጋይ ውስጥ ቀረ። ቦይሊዋን የነካት አልነበረም። ልጁ ፌንጣውን በጅረቱ ጫፍ ቀስ ብሎ እየለቀቀ አምስት ነጭ አሳ አወጣ። ነጭ አሳ የካርፕ ዘመድ ነው፤ በሳይንሱ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ያው አራቱ ጢምም አለው። እኔ ለአጎትዬው የአንድ ወር ደሞዝ ስከፍል የእህቱ ልጅ በፌንጣ ይመጣ ነበር ማለት ነው።

ወንዙ ዳር በጨው ጠበስነው። አሳን መብላት በብልሃት ነው፤ ይህ ዘር ደግሞ ሁለት ጣት ያለው ሹካ የመሰለ እሾህ አለበት። አንዷ በዚያችው በታመመች ጥርሴ በኩል ገባች። ሰማይ ምድሩ ዞረብኝ። ልጁ በሳር ጫፍ አወጣልኝ። ቀጠሮ አልጠየቀኝም።

ስንመለስ ወደ ላይ ሰፊ ገንዳ መሳይ ቦታ አለ፤ እኛ በልጅነታችን የምንዋኝበት። «እዚያስ አትጥልም?» አልኩት። «እዚያማ ብርብራ በተኑበት» አለኝ። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን አሳን ያሰክራል። ትልቁ ይለቀማል፤ የጣት ጥፍር የምታህለው ነጭ ሆዷን ገልብጣ ከውሃው ጋር ትሄዳለች። እኛም አድርገነዋል። እኔ ራሴ ወቅጫለሁ፤ ያኔ ጀግንነት ነበር። ልጁ ግን ተናዷል። «ካቻምና ነው፤ እስካሁን ምንም የለም» እያለ በጠጠር ውሃውን ይመታል። ፈረንጁ ያቺን ቁስል በባትሪ ሲፈልግ ፊቱ ላይ የነበረውን ዓይነት ነገር ልጁ ፊት ላይ አየሁ። ልጁን ማንም አላስተማረውም፤ ማንም ጠይቆትም አያውቅም።

ዓለም ከተማ ተመልሼ ለልጁ መንጠቆ የሚሸጥ ሱቅ ላፈላልግ ብዬ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። የኔ ሁለት መቶ ሲያልቅ ከየት ያመጣል? አንዱ ሚስማር አወጣልኝ። ሌላው «መንጠቆ አለ» ብሎ ደስ ካሰኘኝ በኋላ የመጋረጃ መስቀያ ዘረገፈልኝ። ዓመቱን ሙሉ አሳ ያለበት ወንዝ ከታች ይወርዳል፤ መንጠቆ ግን የለም። በጾሙ ጊዜ ደግሞ አሳ ከሩቅ በመኪና ተጭኖ ይመጣል ይሉኛል።

ሳጥኑን ለልጁ ተውኩለት። ዕቃው ውስጥ የነበረችውን የመድኃኒት ብልቃጥም ጨምሬ። «ይቺ ምንድን ናት?» ሲለኝ «ለአሳ ከንፈር» አልኩት። እንደ እብድ አየኝ።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ጥርሴ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አሁንም እየጠበቅኩ ነው አልኩት። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። «ጋሼ፣ መንጠቆው በቂ ነው። ያቺ ቅባት ግን አለቀች። እማዬ የአህያዋን ገጣባ ቀባችበት፤ ድርቅ አለላት። አሁን ጎረቤት ሁሉ እየለመነን ነው፤ ትልቁን ጠርሙስ ላክልን።»