ከኛ በፊት ዩ ስትሪት የማን ነበር?

በዋሽንግተን ዲሲ ዩ ስትሪት ስላሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። ግን ከኛ በፊት እዚያ ስለኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን አንድ መስመር እንኳን አለመኖሩ ከነከነኝ። ሰፈሩ እኮ ባዶ ሆኖ አልጠበቀንም! በዘር መድልዎ ዘመን መሀል ከተማው በሩን ሲዘጋባቸው የራሳቸውን ባንክ፣ ሆቴልና ሱቅ እዚያው አቋቋሙ፤ ታዋቂው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተንም ያደገው በዚሁ አካባቢ ነው። 12ኛው መንገድ ከዩ ስትሪት ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ያለውን ትሩ ሪፎርመር ሕንፃ እስቲ ቀና ብላችሁ እዩት። በ1903 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ንድፉን ያወጣው ጆን ላንክፎርድ የሚባል ጥቁር አርክቴክት ነው፣ ገንዘቡም የጥቁሮች ማኅበር። ስንቶቻችን ሥሩ መኪና አቁመን ክትፎ ልንበላ ሄደናል?

በ1968 እ.ኤ.አ. ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሳው ረብሻ ብዙ ሱቅ ተቃጠለ፣ በኋላም የሜትሮ (የምድር ውስጥ ባቡር) ቁፋሮው መንገዱን ዘግቶ የተረፈውን ገበያ ገደለው። የኛ ሰዎች በብዛት የገቡት ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ በ2005 እ.ኤ.አ. አካባቢ 9ኛው መንገድ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል ሲባል የተቃወሙትን ነባር ነዋሪዎች ምቀኛ ማለት ነውር ነው። ታሪካቸው እንዳይሸፈን ነው የጮኹት። ምግብ ቤት ያላችሁ፣ እባካችሁ ከላሊበላው ፎቶ ጎን የሰፈሩንም የድሮ ፎቶ ስቀሉ።